የቡልጋሮቹ ፈረሰኛ በእማማ ሳሎን

ጭሮ፣ ማክሰኞ ጥር ፲፪

ነገ ለማስተምረው የታሪክ ትምህርት፣ የጥንት ቡልጋሮች ገደል ላይ የቀረጹትን ፈረሰኛ ፎቶ በትልቁ አሳትሜ ግቢ ገባሁ። አከራዬ እማማ ዘነበች ገና ሲያዩት ተሳለሙት።

«ጊዮርጊስ ነው» አሉ።

«የወጋው እኮ አንበሳ ነው እማማ፣ ዘንዶ አይደለም። ከኋላውም ውሻ ይከተለዋል።»

ጎረቤታችን ሐጂ አሕመድ በአጥር በኩል አዩትና «ወላሂ፣ ይሄ አዳኝ ነው» ብለው ደገፉኝ።

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የተማርከው፣ ማን ነው ትላለህ?»

እውነቱን ተናገርኩ። «አንዳንዱ ሊቅ ንጉሥ ነው ይላል፣ ሌላው የጥንት አምላክ ነው ይላል። እስካሁን አልተስማሙም።»

«እናንተ ካላወቃችሁት እኔ አውቄዋለሁ» አሉና ከእጄ ወሰዱት።

መልሱልኝ ልላቸው ስገባ ፈረሰኛውን ሳሎን ሰቅለው መጋረጃ ይሰፉለታል። «ዓይኔ ደክሟል፣ ክሩን መርፌው ውስጥ አስገባልኝ» አሉኝ።

አስገባሁላቸው።