የአያታችን አሸዋ

ለውድ እህቴ ለካይሳ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ አንገቴን ደፍቼና እጄን ታጥቤ አንድ ነገር እናዘዝልሻለሁ፤ እኔ ታናሽ እህትሽ ሌባ ሆኛለሁ። የሰረቅሁት አሸዋ ነው። የሰረቅሁትም ከገዛ አያታችን፣ ከአባባ አርቪድ መኪና ነው። ይህን ስታነቢ አለቆችሽ ፊት እንዳትስቂ፤ የሳቀ ወታደር ጭቃ ላይ በደረቱ ይተኛል ብለሽ ጽፈሽልናል።

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ያ ጫማ የላጠው ተረከዝሽ ዳነ ወይስ አሁንም ያስነክስሻል? እንቅልፍ ያስተኙሻል? ስልክሽን ከቀሙሽ ወዲህ ሰው ሁሉ በእጁ ጽሑፍ ተያዘ፤ እማዬ የአባዬን ደብዳቤ አይታ የዶሮ ጭረት ነው አለችው። እኔ ደህና ነኝ፤ ግን ደህንነቴ አላስቆም አላስቀምጥ የሚል ዓይነት ነው። የምጽፍልሽ ወጥ ቤት መስኮቱ ሥር ሆኜ ነው፤ አንድ መስመር ጽፌ አንዴ ወደ ውጭ አያለሁ። ለምን እንደሆነ አሁን ይገባሻል።

አንቺ ወደ ወታደር ማሠልጠኛ ከሄድሽ በኋላ የአባባ እህት ሌምፒ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ፍሎሪዳ ላይ ስታርፍ መኪናዋን ለአባባ ተናዝዛለች። ነጭ የቆዳ ወንበር፣ እንጨት የለበሰ ዳሽቦርድ፣ ሞተሯ የማይሰማ፣ በረዶን በሥዕል ካልሆነ አይታው የማታውቅ የቅንጦት መኪና። የአባባን አሮጌ ፒካፕ ዝገት ወለሏን በልቶ ጨርሷት ስለነበር ተሸጠች። አባባም በሰባ ምናምን ዓመታቸው የሀብታም መኪና ላይ ጉብ አሉ። ወንበሩ ራሱ ይሞቃል። ማጥፊያውን ስለማያውቁትና መጠየቅም ስለሚያሳፍራቸው፣ መቀመጫቸው ሲቃጠል መስኮት ከፍተው ይነዳሉ።

አባባ የአውራጃውን በረዶ ጠራጊ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው መሆናቸውን ላንቺ አልነግርሽም። ክረምት ሲገባ ደግሞ የዚህ አገር ሽማግሌ ሁሉ የሚያደርገውን አደረጉ፤ የመኪናዋን የኋላ ዕቃ መጫኛ በአሸዋ ከረጢት ጠቅጥቀው ሞሉት። ይህ ለፒካፗ ልክ ነበር። እሷ የምትገፋው በኋላ ጎማዎቿ ስለነበር ጀርባዋ ሲከብድ መሬት ትቆነጥጣለች። የሌምፒ መኪና ግን የምትጎትተው በፊት ጎማዎቿ ነው። ኋላዋ በከበደ ቁጥር ፊቷ ይቀላል፤ አፍንጫዋን ሰማይ ላይ ሰቅላ፣ የፊት ጎማዎቿን በረዶ ላይ እንዲያው በከንቱ ታሽከረክራለች። ይህን የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ላይ በመጀመሪያው ሳምንት ተማርን። እኔም ደስ ብሎኝ ሮጬ መጥቼ ነገርኳቸው። አባባ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ካዩኝ በኋላ፣ «አንቺ ልጅ፣ አባትሽ የሽንት ጨርቅ ላይ ሳለ እኔ ይህን መንገድ ስጠርግ ነበር። አሸዋ የኋላ ነው» አሉኝ። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

ነገሩ ተዘጋ እንጂ ዳገቱ አልተዘጋም። የድንጋይ ካባውን ዳገት ታውቂዋለሽ፤ መጦሪያ ቤቱ አናቱ ላይ ነው፤ እማማ ሲልቪም እዚያ ናቸው። አባባ በምሳ ሰዓት ሄል ያለበትን ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው ሳይሄዱ የቀሩበት ቀን የለም። እማማ የሁላችንንም ስም አንድ በአንድ ጥለውታል፤ እኔን «የጎረቤት ልጅ» ይሉኛል። አባባም ባላቸው መሆናቸው ጠፍቷቸዋል፤ ግን «በረዶ ጠራጊው» ይሏቸዋል። ምሳ ሲደርስ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው በረዶ ጠራጊው አልመጣም ወይ እያሉ ይጠይቃሉ። እሳቸው ካልመጡ ማንኪያ ወደ አፋቸው አያስጠጉም። ነርሶቹ ለምነው ለምነው ተስፋ ቆርጠዋል።

ታዲያ አባባ ከገና ወዲህ ዳገቱ ላይ ሁለቴ ተያዙ። ሁለቴም ጋሽ ዋይኖ በትራክተር ጎትተው አወጧቸው፤ ጎትተው ቢያበቁ ጥሩ ነበር፤ ካፌ ገብተው «ዘንድሮ ትልቁን በረዶ ጠራጊ እኔ ራሴ ጠረግሁት» ብለው ለአገሩ አወሩ። አባባ ለሳምንት ያህል ካፌው በር ላይ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ያልፉ ነበር። ወሬው አክስታችን ማርሊስ ጆሮ ገባ። እሷም መጥታ፣ ሦስተኛ ከተያዙ ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ ይገባል፣ መኪናዋ ትሸጣለች፣ እናቴ ዘንድ እሑድ እሑድ እኔ አደርስዎታለሁ ብላ ፈረደች። ከእሑድ እስከ እሑድ እማማ ምን እንደሚበሉ ግን አልተናገረችም። አባዬ እንደ ልማዱ የእንፋሎት መታጠቢያውን፣ ሳውናውን ላሙቅ ብሎ ሹልክ አለ። አባባ የዳቦውን ጨርቅ ዘርግተው መልሰው ጠቀለሉት። ካይሳ፣ ሳይከራከሩ ሲቀሩ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ሰረቅሁ። አባባ ከምሳ በኋላ ሸለብ ሲያደርጋቸው እየጠበቅሁ ከረጢቶቹን አወጣና አሸዋውን ገልብጬ፣ እንጨት መሰንጠቂያው ሥር የተከመረውን ሰጋቱራ እሞላባቸዋለሁ። በዚያው ገመድ፣ በዚያው ቋጠሮ። ያየ ሰው አሸዋ ይላል፤ ያነሳ ሰው ነው ጉዴን የሚያወጣው። አሸዋውን ወደ ሳውናው በሚወስደው መንገድ ላይ በተንኩት። አባዬ እራት ላይ ይህን መንገድ አሸዋ ያለበሰው ማን እንደሆነ እግዜር ይባርከው፣ ዘንድሮ አንዴም አልወደቅሁ አለ። እኔ ድንቼን እያየሁ አሜን አልሁ።

ዛሬ ጠዋት አክስት ማርሊስ በዚያች አራቱም ጎማዎቿ በሚጎትቱት ግዙፍ መኪናዋ መጣች፤ ሌሊቱን ሲጥል ያደረ በረዶ ጉልበት ይደርሳል። በሌምፒ መኪና አብሬ እወጣለሁ፣ ከተያዝን እዚያው ቁልፉን እቀበላለሁ አለች። እኔ እንደ ምስክር ከኋላ ተቀመጥሁ። አባባ ከመግባታቸው በፊት የኋላውን ክዳን መታ መታ አደረጉት፣ ፈረስ እንደሚያባብል ሰው። እኔ የጓንቴን ጫፍ እየነከስሁ ነበር፤ በቀኝ ተቀምጬ አልመች ሲለኝ በግራ፣ በግራ አልመች ሲለኝ መሐል። አክስቴ አንቺ ልጅ ጉንዳን ገብቶብሻል ወይ አለችኝ።

ዳገቱን ጀመርን። ወንበሩ ስለፈጃቸው አባባ መስኮቱን ከፈቱ፤ በረዶው የአክስቴን አዲስ የፀጉር ሥሪት ለበሰው። ሁለቴ የተያዙበት መታጠፊያ ላይ ስንደርስ የፊት ጎማዎቹ እንደ መንሸራተት አሉ። አክስቴ የበሩን እጀታ ያዘች። አባባ እንቁላል ላይ እንደሚረግጥ ሰው ነዳጁን ቀስ ብለው ነኩት፤ መኪናዋ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጋ፣ መሬቱን ቆንጥጣ፣ ምንም ሳታጓራ ሽቅብ ወጣች። እማማ መስኮቱ ሥር ነበሩ። በረዶ ጠራጊው መጣ አሉና አፋቸውን ለማንኪያው ከፈቱ። አክስቴ ዞር ብላ መሐረብ ፈለገች፤ ከዚያ ቁልፉ እዚያው ይቆይ አለች።

አሁን ችግሩ የአባባ ጉራ ነው። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስለ አሸዋ ሰበኩን። ካፌው በር ላይ ቆመው ለጋሽ ዋይኖ ሳይቀር አስተማሩ፤ ዘንድሮ አሸዋው ደረቅ ስለሆነ ነው፣ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነው አሉ። ወደ እኔም ዞረው «የኋላ ነው ብዬሽ አልነበረም?» አሉኝ። እኔ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ልክ ነዎት አባባ አልሁ። እንዲህ ያለ ነገር በሆድ ይዞ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚያሳክክ አታውቂም። የምፈራው ግን ቅጣቱን አይደለም፤ እልኸኛ መሆናቸውን ታውቂያለሽ። ቢደርሱብኝ በእልህ እውነተኛ አሸዋ መልሰው ይጭናሉ፣ ነገ ዳገቱ ላይ ይያዛሉ፣ ቁልፉም ይሄዳል። ካይሳ፣ ልንገራቸው ወይስ በረዶው እስኪቀልጥ ልጠብቅ? መልስሽ እስኪደርስ መቀመጥ የምችል አይመስለኝም።

እማዬ ደህና ናት፣ ጉንጭሽን ስማሻለች፤ ካልሲ እየሠራችልሽ ነው፣ አንዱ ከአንዱ ይረዝማል፣ እንዳትናገሪያት። አባዬ ከሳውናው ሆኖ ሰላም ይልሻል። እማማ ሲልቪ ፎቶሽን አይተው ይህች ቆንጆ ማን ናት ብለዋል፤ ይህም ሰላምታ ነው። አክስት ማርሊስም ሰላም ብላሻለች፣ አሁን ልትሄድ ነው፣ ሞተር አስነስታ

ቆይ ካይሳ። ጉድ ፈላ። አክስቴ ወደ ኋላ ስትወጣ ቦይ ውስጥ ገባች። አራቱም ጎማዎቿ ይዞራሉ፣ አንዱም አይጎትትም። አባባ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ቀስ እያሉ፣ ፊታቸው እንደ ፋሲካ በርቶ፣ ወደ ሌምፒ መኪና እየሄዱ ነው። መስኮቱን ትንሽ ከፈትሁት፤ ጎማሽ ሥር የሚበተን አሸዋ አለኝ፣ አይዞሽ ይሏታል።

ክዳኑን ከፈቱ። ከባድ ዕቃ እንደሚያነሳ ሰው ጉልበታቸውን አጠፍ፣ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው ከረጢቱን ሲስቡት እስከ አገጫቸው ድረስ ተስፈንጥሮ መጣላቸው። ለጥቂት ከመውደቅ ተረፉ። ቆሙ። ከረጢቱን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። ሌላውን ነካኩት። ወደ ካባው ዳገት ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ወደ መስኮቱ አዩ። ዓይን ለዓይን ገጠምን።

አክስቴ ከመኪናዋ አንገቷን አውጥታ ምን ሆኑ ትላለች። አባባ ከረጢቱን መልሰው አስቀመጡት፤ ሲያስቀምጡት ደግሞ ወገባቸውን ይዘው አቃሰቱ፣ አዎ፣ አቃሰቱ፣ ሰጋቱራ ይዘው። አሸዋው በርዶ ድንጋይ ሆኗል አሏት። ክዳኑን ዘጉት።

አሁን ጠሩኝ። ሙሉ ስሜን ነው የጠሩት፤ «ማቲልዳ ኤሊን ኒስካላ፣ አካፋ ይዘሽ ነይ፤ እዚህ አንድ በጣም ከባድ ነገር አለ።»

ላይኛው ሚሺጋን፣ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር
ቅዳሜ፣ የካቲት መጀመሪያ