ሁለት ድምፅ ያላት ቀይ መኪና

ሰኞ፣ ሰኔ 9፣ ጠዋት

ልብስ እየለየሁ ነው። ነጩ ለብቻ፣ ባለቀለሙ ለብቻ። ማስታወሻዬ ሆይ፣ በፈጣሪና በሳሙናው ፊት ቆሜ እናዘዛለሁ፤ ከኢድሪስ ሱሪ ኪስ ትንሽ ሪሞት አግኝቼ አልመለስኩም። አሁን የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ተኝቷል። የንስሐ አባት እዚህ ጅቡቲ የለኝም፤ አንቺው ፍቺኝ።

ሪሞቱ የቀይዋ ስፖርት መኪና ነው። አንዴ ሲጫኑት ታገሣለች፤ ሲደግሙት ሱባዔ እንደገባ ሰው ዝም። የአጎቴ የንጉሤ ሥራ። አጎቴ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለስ የተሳቢ ሾፌር ነው፤ ወደብ ላይ ጭነት ሲጠብቅ እጁ አያርፍም። ከባድ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ጭሱን አፍኖ የሚይዝለት ክዳን አለ። እሱን ከወዳደቀ ተሳቢ ፈቶ ለኢድሪስ መኪና በየዳላት። ክዳኑ ሲዘጋ ጭሱ ድምፅ በሚያፍነው ማርሚታ ዞሮ በጨዋ ደንብ ይወጣል። ሲከፈት በቀጥታ። አጎቴንና ኢድሪስን ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ። ይህኛው ኑዛዜ ትንሽ አይደለም።

ሐ.ዑ. (ሐጂ ዑመር፤ የኢድሪስ አባት፣ የእማዬ አሠሪ፣ የግቢው ንጉሥ) ምንም አያውቁም። መኪናዋ ጩኸቷን ካልተወች እሸጣታለሁ ብለው ነበር። ዝም ስትልላቸው ዱዓዬ ሰመረ ብለው ሰደቃ አወጡ። ራሳቸው ቀን ሲተኙ የሚያንኮራፉት ያለማርሚታ ነው። ለሳቸው ሪሞት የሠራ የለም።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ጽሕፈቴን ታገሺኝ።

በሰባት ሰዓት ጫት ገባ። ከተማው እንደ ልማዱ በጥሩምባ አበደ፣ ከዚያ ጸጥ። ሐ.ዑ. ከጓደኞቻቸው ጋር መቃሚያው ክፍል ገቡ፤ የዓለምን ችግር ፈትቶ ማታ የሚረሳ ጉባኤ። ኢድሪስ ውስጧ ይብረድ ብሎ መኪናዋን በር ላይ አስነስቶ ትቷት የራሱን ጫት ሊገዛ ወጣ። እኔ ኩሽና መስኮት ላይ። ጣሳው አጠገቤ።

ተጫንኩት።

መስተዋቱ ተንቀጠቀጠ። ድመቷ ጣሪያ ላይ። አንዱ ሽማግሌ ዕለተ ሞቱ መስሎት ሸሃዳ ጀመረ። እየሳቅኩ ደገምኩት። ዝም አትልም። እንደገና። አትልም። ሪሞቱን ጣሳው ውስጥ መልሼ ከተትኩት።

ኢድሪስ ሮጦ መጥቶ አጠፋት። ሐ.ዑ. አንድ ጉንጫቸው በጫት እንደተወጠረ ወጡ። ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛቸው አይታማም፤ ሲቆጡ ደግሞ ይባስ ይጠራል።

«በዚህች መኪና እጁን ያስገባ ሰው፣ እሱም ወገኑም ከዚህ ግቢ አያድርም።»

ጮክ ብለው አይደለም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

እማዬ ትሪ እንደያዘች ደርቃለች። ክፍላችን ከኩሽናው ጀርባ ነው። የመኖሪያ ወረቀቷ በሳቸው ዋስትና ነው። ከዚህ ብንወጣ የት? ከተማው ዳር ሃያብለ ቆርቆሮ ቤት እንኳ የሚያስጠጋን ሰው አናውቅም።

ረቡዕ፣ ረፋድ

ሪሞቱን ለኢድሪስ መለስኩ። አልተቆጣም፤ የባሰው አለመቆጣቱ ነው። አባቱ ካወቁ የንጉሤን ስም እጠራለሁ አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። ሃያ ዓመቱ ነው። ጢም አለው። ምን ያደርጋል።

ሐ.ዑ. ወስነዋል። ዓርብ ለጁምዓ በቀይዋ ይሄዳሉ። ከጮኸች ከመስጊድ በቀጥታ ወደ መካኒክ፤ ሆዷ ተከፍቶ ይታያል። ከዚያ እማዬን ጠሯት። ሾፌሩ ወንድምሽ መኪናዋን ነክቷታል ወይ ብለው ጠየቋት። እማዬ በማርያም ማለች፤ አልነካም ብላ። ስለማታውቅ ማለች። እኔ በሩ ጀርባ ነበርኩ።

ማታ ደግሞ እኔን ትጠይቀኝ ይሆናል።

ረቡዕ፣ ማታ

ጠየቀችኝ። አልነካም አልኩ። አምና ተኛች።

ሐሙስ

እራትም ምሳም አልበላሁም።

አጎቴን በስልክ አገኘሁት። ድንበሩን፣ ገላፊን አልፏል፤ ለመመለስ አይችልም። መጀመሪያ ሳቀ፣ የሐ.ዑ.ን ቃል ስነግረው ሳቁን ተወ። ከዚያ ክዳኗን ስንት ጊዜ እንደምንከፍታት ጠየቀኝ። ሽማግሌውን ፈርተን ዘግተናት ነው የከረምነው አልኩት። ተነፈሰ። ተሳቢ ላይ በየቁልቁለቱ ስለምትሠራ አትያዝም፤ እዚህ ቁልቁለት የለ፣ የባሕሩ ጨው በላት፣ አንዴ ስትከፈት እዚያው ነከሰች። ቁልቁለት የሌለበት ከተማ መሆኑን ረስቼ አለ። የጭስ ቧንቧው ሲቀዘቅዝ ዘይት ጠብ አድርጊ፣ እስኪጠጣ ጠብቂ፣ በእንጨት መታ መታ፣ በእጅ አዙሪ። ትኩስ ከሆነ እንዳትነኪ።

ዓርብ፣ ረፋድ

መኪናዋ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ነው የምጽፈው። ዘይቱ እስኪጠጣ እየጠበቅሁ። የእማዬ የስፌት መኪና ዘይት ነው፣ ከመሳቢያዋ። ሙቀቱ እንደ ምድጃ። ሐ.ዑ. ውዱእ ላይ ናቸው፤ ውኃው ይሰማኛል። ኢድሪስ በር ይጠብቃል፤ ማለት ጥፍሩን ይበላል።

መታሁ። ምንም።

መታሁ። አቤት ድምፁ። ውኃው ቆመ። እኔም ቆምኩ። ውኃው ቀጠለ።

ዞረች! ማስታወሻዬ፣ ዞረች። ተዘጋች። ከፍቼ ዘጋኋት፣ ሦስቴ። እንደ ቅቤ።

አሁን መውጣት ነው። ማንም አያውቅም። ሐ.ዑ. በሰላም ይሰግዳሉ፣ ክፍላችን ክፍላችን ነው። ለምን አልተደሰትኩም? የእማዬ መሐላ አለ። እኔ ያስማልኳት ያህል። እሳቸው ባያውቁም ማርያም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

ወሰንኩ። ለሳቸው ሳይሆን ለእማዬ። ዛሬ፣ ሳይመሽ እነግራታለሁ። ታልቅስ፣ ትማታኝ፣ ግን ከእኔ ትስማው። ከምሳ በኋላ። እሺ፣ ከጁምዓ መልስ። መጀመሪያ ይህን ዘይት ከእጄ ላይ…

እግር መጣ። የኢድሪስ አይደለም። የሐ.ዑ. ነጭ ጫማም አይደለም። ነጠላ ጫማ ነው፣ የግራው ማሰሪያ በሰማያዊ ክር የተሰፋ። ቆመ። ባዶው የዘይት ጠርሙስ አጠገብ ቆመ። ጎንበስ አለች። አነሳችው።

እማዬ ሌላ ጊዜ ማሂ ነው የምትለኝ።

«ማህሌት።»