አሥራ አንድ ሰው የሚይዘው ጀልባ

ውድ ወንድሜ ጋለን፣

እንዴት ሰነበትክ? ባሕሩ እንዴት ይዞሃል? ያ የወገብ ሕመምህ ለቀቀህ ወይስ ዛሬም መረብ ስትስብ ትራገማለህ? ቲና ደህና ናት? ልጆቹስ? ትልቁ በቁመት አልፎሃል ብላ ቲና በገና ካርዷ ጽፋልን አባባ ሳምንቱን ሙሉ እሱን ሲያወራ ከረመ። ስልክህ ከወደብ ከወጣህ ስለማይሠራ በደብዳቤ መጣሁብህ። እኛ አለን። በረዶው ዘንድሮ ከሐይቁ ላይ ቀድሞ ነው የለቀቀው፤ ትንኙም አልዘገየም። እንደ ቤታችን ወግ "ምንም አይል" ብዬ ላልፍ ነበር፤ ግን ደክሞኛል ጋለን። አጥንቴ ድረስ ደክሞኛል።

አባባ በክረምቱ ስትሮክ ከመታው ወዲህ እኛ ጋ መሆኑን ታውቃለህ። ግራ ጎኑ አልተመለሰም፤ ከተሽከርካሪ ወንበሩ አይወርድም፤ አንደበቱም ይጎተታል። ጠዋት አጥቤው፣ አልብሼው ወደ ሥራ እሮጣለሁ፤ ማታ ደግሞ እንደገና። ከሁሉ የሚያደክመኝ ግን ሥራው አይደለም፤ የሚፈልገውን አለመናገሩ ነው። "ብርድ ልብስ ልጨምርልህ?" ስለው "አትቸገሪ" ይላል፤ ዞር ብዬ ሳየው ይንቀጠቀጣል። የእኛ ሰው መቼም ሦስቴ ካልለመኑት ኬክ እንኳ አያነሳም። እኔ ደግሞ መገመት ሰለቸኝ።

አንድ ነገር ግን ሳይናገርም ያስታውቅበታል። መስኮቱ ስር ሆኖ ሐይቁን ሲያይ ይውላል። ያ አሮጌው ፖንቱን ጀልባችን፣ ጠፍጣፋ ወለሉን ከሚያንሳፍፉት ሁለት ትልልቅ የብረት ቱቦዎች አንደኛው ተበስቶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ባለፈው መከር እንደ ሰካራም አጋድሎ ነው ከሐይቁ የወጣው። ስለዚህ ዘንድሮ ሌላ እንግዛ ተባለ። ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ርዝመቱ ስንት ጫማ ይሁን?

ባሌ ዋይን አሥራ ስምንት አለ። ጀልባውን ከውሃ በላይ አንስቶ የሚያቆመው ማንሻችን የሚችለው እሱን ነው፤ ሐይቁም ትንሽ ነው፤ ከአባባ ጋር ሦስት ሰው ነን፤ ዓሣ ለማጥመድ ምን አነሰን ባይ ነው። ልጄ ብሪና በበኩሏ ከባሏ ጋር መጥታ ሃያ አምስት ካልሆነ ብላ ተነሳች፤ በውሃ ስኪ ቆመው፣ በተነፋ ጎማ ላይ ተኝተው ከጀልባው ኋላ ሊጎተቱ ነዋ! "አባዬ፣ ያንተ አሥራ ስምንት እኮ ሰው ሲጎትት ዳክዬ ይቀድመዋል" ብላ ስታሾፍበት ኩርፊያውን ይዞ ጋራዥ ገባ። አባባን ጠየቅነው። "ለእኔ ብላችሁ አትቸገሩ" አለ። አይ አባባ!

የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ አባባን መኪና ላይ ጭነን ጀልባ መሸጫው ሄድን። ሻጩ ሎወል የሚባል ወሬ የማይደክመው ሰው ነው። አሥራ ስምንቱ ላይ ተሽከርካሪው ወንበር በበሩ ገባ፤ ከገባ በኋላ ግን መዞር አቃተው፤ አባባ ፊቱን ወደ ሞተሩ አድርጎ እንደተቀጣ ተማሪ ቀረ። ሃያ አምስቱን ደግሞ ንፋስ የተነሳ ቀን እኔና ዋይን ብቻችንን ሐይቁ ዳር ባለው የእንጨት መረማመጃ ላይ ልናስረው አንችልም። መሀል ላይ ሃያ ሁለት ጫማ ነበር፤ አሥራ አንድ ሰው ይይዛል። "ለሽርሽር ሁለት ቱቦ ይበቃል። ሰው ልጎትት ካላችሁ ግን ጠንካራ ሞተር ትፈልጋላችሁ፤ ያን ሞተር የሚሸከመው ደግሞ ሦስተኛ ቱቦ ነው፤ ይሄ ሁለቱም አለው" አለን። ብሪና አጨበጨበች። ዋይን "ማንሻውም ሊቀየር ነዋ!" ብሎ ተነፈሰ።

አባባ በደህና እጁ የኋላውን መቀመጫ መታ መታ ያደርጋል። ስፖንጁን የሚሞክር መስሎኝ ነበር። ሎወልም "ይመቻል፣ አይደል ጋሼ?" አለው። አባባ ከዳር ጀምሮ እንደገና መታ መታ። ከዚያ "ይሄ" አለ። ጋለን፣ አባታችን "ይሄ" አለ! እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ወጥቶ ሰምቼ አላውቅም። ዋይን "አባባ፣ ይሄን ሁሉ ወንበር ማን ሊሞላው ነው?" ሲለው እያንዳንዷን ቃል እየጎተተ "ጋለን… ከነቤተሰቡ… አምስት ነው" አለ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ተናደድኩ። አጣቢዋ እኔ፣ አልባሿ እኔ፤ ወንበር የሚቆጠረው ላንተ! "አባባ፣ ጋለን አይመጣም! ከእማማ ቀብር ወዲህ በየዓመቱ 'እናያለን' ነው የሚለው" ብዬ ሰው ፊት ጮህኩበት። በቤታችን እንዲህ ተጩኾ አያውቅም፤ ያ ለፍላፊ ሎወል እንኳ አፍሮ የተጠቀለለ ገመድ ፈትቶ እንደገና መጠቅለል ጀመረ። አባባ ግን አልተቆጣኝም። ቀና ብሎ አየኝና "መቀመጫ ከሌለውማ እንዴት ይመጣል?" አለኝ።

ሃያ ሁለቱን ገዛን።

ባለፈው እሁድ ወጣንበት። አባባን ከፊት አዙረን አስቀመጥነው። ብሪና በስኪ ልትቆም ስትል በአፍንጫዋ ተደፋች፤ አባባ በግማሽ ፊቱ ሳቀ። ባሏ ከነውሃው ወጥቶ የኋላው መቀመጫ ላይ ሊዘረጋ ሲል ግን አባባ "ተይዟል!" ብሎ አስደነገጠው። ምስኪኑ ወለል ላይ ተቀመጠ።

የሳልሞን ዓሣው በበጋ እንደሚመጣ፣ እንጀራህም እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። ጀልባው ግን እስከ መስከረም መጨረሻ ውሃ ላይ ነው። ስለ መጪው ዓመት በጋ ሐኪሙ ምንም አላለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ለእያንዳንዱ ሰው መንሳፈፊያ ሰደርያ ግድ ስለሆነ የልጆቹን ኪሎ ጻፍልኝ። "እናያለን" ብለህ እንዳትጽፍ። የማትመጣ ከሆነ ወደብ ስትገባ ለራሱ ደውልና ንገረው፤ አንደበቱ ቢጎተትም ጆሮው ደህና ነው። "ተይዟል" ያለውን ሰው "ባዶ ነው" ልለው እኔ አቅም የለኝም።

ቲናን ሳምልኝ። ሪድን፣ ቴስንና ትንሹን ኮርቢንን አክስታችሁ ናፍቃችኋለች በልልኝ። ብሪና ሰላም ብላሃለች፤ ልጆችህን ጎማ ላይ አስተኝታ ልታስጮኻቸው ዝታለች። ዋይንም ሰላም ብሎሃል፤ ማንሻውን ሲቀይር የሚያግዘው ስላጣ ስምህን በክፉ እንዳነሳው ንገሪው ብሎኛል። አባባ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ነው። "ለጋለን ምን ልበልልህ?" ስለው ሐይቁን እያየ "አይቸገር በይው" አለኝ። መቼም ቋንቋውን ታውቀዋለህ።

እህትህ ማርላ
ሰሜን ሚኒሶታ፣ ከሐይቁ ዳር
ጁን 16 ቀን 2024