ስለ አምኃ ወደ ምድር መውረድ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ሮማነወርቅ።

ከእናታችን ቀጥሎ እናት ሆነው ላሳደጉኝ፣ ፊደልን በጣትዎ እየጠቆሙ ላስቆጠሩኝ ለእርስዎ፣ ውቅያኖስ የማይገታው፣ ብርድ የማያቀዘቅዘው፣ ኩርፊያም ከደጅ የማይመልሰው ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስልኝ። እንደምን ሰነበቱ? ልብዎ እንዴት ነው? ደረጃ ሲወጡ መሐል ላይ የሚያስቆምዎት የትንፋሽ ማጠር ቀለለ ወይስ ባሰ? የእግርዎ እብጠትስ ጎደለ? ልጅዎ አይዳ ጨው የሌለበትን ምግብ እየተቆጣጠረች እንደምታበላዎት ሰምቼ፣ እርስዎን የሚያህል ሰው በልጁ ትእዛዝ ሥር መዋሉ ቢያስቀኝም በሆዴ መርቄያታለሁ።

እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ በረዶ በጣለ ማግሥት እንደ አሮጌ በር እየጮኸ ዕድሜዬን ያስታውሰኛል። ልጄ ዮሐናም ብሉሚንግተን ካለው የሆቴል ሥራዋ ደክማ ብትመለስም ጤናዋ አልተጓደለም። ደህና ያልሆነችው የልጅ ልጄ ሩት ናት፤ ብዕሬን ያስነሣኝም የእርሷ ነገር ነው።

ያ የድምፅ መልእክትዎ ከደረሰን ወዲህ ስልክዎን ስለዘጉብን፣ አይዳም በደወልን ቁጥር «እማዬ አላናግርም ብላለች፣ እኔን አታጣሉኝ» ከማለት ስለማታልፍ፣ ወደ ድሮው ልማዳችን ተመልሼ ይህን ወረቀት በሰው እጅ ልኬያለሁ። የምታደርስልዎ ኢብሲቱ እዚህ ኩን ራፒድስ ከቤታችን ፊት ለፊት የምትኖር ነርስ ናት፤ እናቷን ልትጠይቅ እርስዎ ወዳሉበት ትበርራለች። «አባቢያ፣ ሰው ሁሉ ቮይስ በሚልክበት ዘመን እኔን ፖስታ ቤት ሊያደርጉኝ ነው?» ብላ ስትስቅብኝ፣ በድምፅ ብሞክረው እንባ እንደሚቀድመኝ ነገርኋት፤ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ፖስታውን ከፓስፖርቷ ጋር አኖረችው።

ሸምጋይ ነገሩን ከሥሩ ካላነሣው ዕርቅ አይጸናምና፣ የሚያውቁትን ለእርስዎው መልሼ መተረኬን ይቅር ይበሉኝ። በዚያ ክፉ ዘመን ወንድማችን አምኃ ለቀበሌ ስብሰባ ተጠርቶ ወጥቶ በቀረ ጊዜ፣ እናታችንም «ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም» ብለው ነጠላቸውን አላዘቀዝቅ ባሉ ጊዜ፣ እርስዎ የእንግሊዝኛ መምህርዎ ትተዋቸው ከሄዱት፣ ሽፋናቸው ከተገነጠለ የጀብዱ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ዓለም አውጥተው ወደ ቤታችን አስገቡ። በእነዚያ መጻሕፍት አንድ ተራ የምድር ሰው እንቅልፍ በመሰለ ነገር ተነጥቆ ወንዞቿ ወደ ደረቁባት ቀይ ዓለም ይደርሳል፤ ሁለት ጨረቃ በሚወጣበት ሰማይ ሥር በሰይፍ በሚዋጉ፣ በአየር መርከብ በሚጓዙ፣ ሥልጣኔያቸው በጃጀ ሕዝቦች መካከል ይወድቃል፤ የዚያች ዓለም ስበት ከምድር ስበት የሳሳ በመሆኑም፣ በአገሩ ከማንም የማይበልጠው ሰው እዚያ የከተማ ቅጥር በአንድ እመርታ የሚዘል ጀግና ይሆናል። እርስዎም የዚያን ሰው ስም ፍቀው አምኃን በቦታው አቆሙት፤ አስም የሚያፍነው፣ ከወፍጮ ቤት ዱቄት ተሸክሞ መንገድ ላይ ሳይቀመጥ ቤት የማይደርሰው አምኃ፣ በእርስዎ አፍ ቅጥር እየዘለለ ነገሥታትን አስታረቀ።

እናታችን ከእራት በኋላ «ዛሬስ ምን በላ?» ይሉ ነበር። አንድ ቀን «እዚያም ረቡዕና ዓርብ ይጾማል?» ብለው ቢያፋጥጡዎት፣ «እዚያ ከብት ስለሌለ ዘወትር ጾም ነው» ብለው ያመለጡትን፣ እርሳቸውም «ልጄ መንኩሷል በይኛ!» ብለው የሳቁትን ሳቅ ዛሬም እሰማዋለሁ። ያ ተረት እናታችንን ከዕብደት ጠበቀ። ነገር ግን እትዬ፣ በዚያው ተረት ምክንያት ለአምኃ ፍትሐት አልተደረሰለትም፣ ተዝካር አልወጣለትም፤ ለቅሶውም እስከ ዛሬ በሁላችን ጉሮሮ እንደ ተሰነቀረ ቀርቷል።

ሩት ተረቱን ከእኔ ሰምታ አደገች፤ አምኃ ማን እንደነበረና እንዴት እንደ ቀረም ታውቃለች። አድጋም በሥዕል የሚተረኩትን፣ እዚህ ኮሚክ የሚሏቸውን የልዕለ ኃያላን ታሪኮች መሣል ሙያዋ አደረገች። እኔ ዕድሜዬን በግእዝና በአማርኛ ሰዋስው ማስተማር የጨረስሁ ሰው፣ ያን ሁሉ የወረቀት ጡንቻና የሚውለበለብ ካባ ንቄ ስተወው፣ አንድ ቅዳሜ ሌክ ስትሪት ካለው ገበያ ምሳ እየበላን ሳለን አፋጠጠችኝ። «አባባ፣ ሱፐርሂሮ እኮ ከሰማይ ዱብ አላለም» አለች፤ ቀጥላም «ኦኬ፣ ዱብ ብሏል፤ ግን ዱብ ያለው ከእማማ ሮማን መጻሕፍት ነው» ብላ ሳቀች። እንዳስረዳችኝ ከሆነ፣ ቀደምቶቹን ልዕለ ኃያላን ከፈጠሩት ወጣቶች መካከል እነዚያን የፕላኔት ጀብዱዎች እያነበቡ ያደጉ ነበሩ፤ ብልሃታቸውም መንገዱን መገልበጥ ነበር። የምድርን ሰው ስበቷ ወደ ሳሳ ዓለም በመላክ ፈንታ፣ ስበቷ ከጸና ዓለም አንዱን ወደ እኛ አመጡና የእኛዋ ምድር ለእርሱ የሳሳች ሆነች፤ ስለዚህም መጀመሪያ ላይ ይዘል እንጂ አይበርርም ነበር። እየሞተች ያለችው ዓለም፣ ከወገኑ ተለይቶ የተረፈው ብቸኛ፣ እንግዳው አልባሳት፣ የጨረር መሣሪያው፣ ብዙው ከዚያው ጎተራ የተዘገነ ነው።

ይህን ስሰማ ንቀቴ አሳፈረኝ፤ በቅኔ ቤት ተማሪ የመምህሩን መንገድ ይዞ ወደ ራሱ ቤት ሲያዞረው ሌባ አይባልምና። ሩት ደግሞ የተገለበጠውን መልሳ ገለበጠችው። በእርሷ ታሪክ አምኃ ከቀይዋ ዓለም ተነሥቶ ወደ ሚኒያፖሊስ ይወርዳል፤ በሳሳ ስበት የኖረ ሰው ወደ ምድር ሲመለስ ግን ኃይሉን ያጣል፤ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ አስሙ ያገረሽበታል፣ የአውቶቡስ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል። «ታዲያ ይህ ምን ዓይነት ልዕለ ኃያል ነው?» ብላት፣ «አባባ፣ ፓወር ሊያገኝ ማንም ይመጣል፤ ፓወሩን እንደሚያጣ እያወቀ ሰዎቹን ሊያይ የሚመጣ ግን እሱ ብቻ ነው» አለችኝ።

በእርሳስ የነደፈችውን እንደ ገጸ በረከት አድርጋ ወደ ስልክዎ ላከችው። እርስዎም አምኃን ተንበርክኮ ትንፋሽ ሲያጥረው አዩና፣ «አምኃን ካለበት ብታወርጂው በአጥንቱ ገዝቼሻለሁ!» ብለው በድምፅ ላኩባት። እዚህ የተወለደ ልጅ ግዝትን ከቁም ነገር አይቆጥርም ብለው ገምተው ከሆነ ተሳስተዋል። «ማሚ፣ ብጥሰው ምን እሆናለሁ?» ብላ እናቷን ስትጠይቅ፣ ዮሐና ነገሩን ልታቀልላት ብትሞክርም፣ ልጅቷ ከዚያች ቀን ጀምሮ ብዕር አልነካችም። አሳታሚዋ ይደውላል፤ አታነሣም። ምግቧም ለስም ያህል ነው። ዮሐና በበኩሏ «ተረቱን ከጡጦ ጋር የጋቷት እርስዎ አይደሉ?» እያለች እኔን ትቆጣለች።

የንስሐ አባታችንን ወደ ቤት ጠራናቸው። በሥልጣናቸው ሊፈቷት እንደሚችሉ ነግረዋት ነበር፤ እሺ ያላለችው እርሷው ናት። «አባ፣ ያዘኑት እማማ ሮማን ናቸው፤ ከጀርባቸው ሄጄ ብፈታ ተፈታሁ አልልም» አለቻቸው፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በተሰባበረ አማርኛ። ካህኑ ወደ እኔ ዞረው «ይህችን ግትር ማን አሳደጋት?» ቢሉኝ እርስዎን አስቤ ፈገግ አልሁ፤ ቁርጥ እርስዎን ናትና።

አሁን ልናገረው የምፈራውን ልናገር። ያን ድምፅዎን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። አምኃ ሞተ ያለውን ሁሉ ከቤት ያስወጡ የነበሩት እርስዎ፣ በቁጣ ሰዓት በአጥንቱ ገዘቱ። በአጥንት የሚማለውና የሚገዘተው ደግሞ በሞተ ሰው ነው። ለካ እትዬ፣ እርስዎ ያውቁ ነበር፤ ለእናታችን የሠሩትን ዓለም እርሳቸው ካረፉ በኋላም ለእኛ ሲሉ ብቻዎን ተሸክመው ኖረዋል። ይህን የማነሣው ልረታዎት አይደለም፤ ሸክሙን ከአንድ ጫፍ ልያዝልዎ ብዬ ነው። ፈቃድዎ ከሆነ ስሙን ለዚህ ቤተ ክርስቲያን ሰጥቼ ፍትሐት ላስደርስለት፤ እርስዎም በዚያ ነጠላዎን ያዘቅዝቁለት።

የቀዶ ሕክምናው ቀን እንደ ተቃረበ አይዳ ነግራናለች። እግዚአብሔር እጁን በሐኪሞቹ እጅ ላይ አኑሮ በሰላም ያስነሣዎት። ነገር ግን በእኛ ዕድሜ አይዋሽም፤ ወደዚያ ክፍል የገባ ሁሉ አይወጣም። ግዝቱ እንደ ታሰረ ቢያልፉ፣ እኛ የአምኃን ለቅሶ ታቅፈን እንዳረጀን፣ ይህችም ልጅ የእርስዎን ቁጣ ታቅፋ ታረጃለች። ሥዕሉን ይውደዱት አልልም፤ ታትሞ ይዩትም አልልም። ከመግባትዎ በፊት ግን «ፈትቼሻለሁ» የምትለውን አንዲት ቃል በራስዎ አፍ ይበሏት። እምቢ ቢሉም ልጅቷ ትታዘዛለች፤ እኔም ታናሽ ነኝና ከእርስዎ ቃል በላይ ቃል የለኝም።

ጠረጴዛዋ ላይ የቀረውን ገጽ ትላንት አየሁት። በቀለም አጥርታ የጨረሰችው እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው። አምኃ ከሚሲሲፒ ወንዝ በላይ፣ ወንዙ በሚለያቸው ሁለት ከተሞች መካከል፣ እጆቹን ዘርግቶ አየር ላይ ቆሟል፤ ከላይ ያለችውን ዓለም ለቅቋል፣ ከታች ያለችውን ገና አልረገጠም። ፊቱ ደጅ ላይ ቆሞ «ግባ» እስኪሉት የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው።

ለአይዳ፣ ትእዛዟን እንዳትቀንስ አደራ ከማለት ጋር ሰላምታዬን ይንገሩልኝ። ለባለቤቷ ለናፍያድ፣ በሆስፒታሉ ከአጠገብዎ እንደማይለይ አውቃለሁና ምስጋናዬ ይድረሰው። ለትንሹ ኖህ ሁለቱን ጉንጮቹን ይሳሙልኝ። ዮሐና እግርዎን ስማለች። ሩት ሰላምታ ላኪ ብላት፣ ታስባ ታስባ «ይዳኑልኝ በልልኝ» ብቻ አለች። ለአምኃም እንደ ቤተሰባችን አባል ሰላምታ ልኬለታለሁ፤ በየትኛው ዓለም እንደሚደርሰው ግን እርስዎ ይወስኑ።

ታናሽዎ ሳህሉ

ኩን ራፒድስ፣ ሚኒሶታ
ጥር ፳፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.