የአባትህ መኪና ዘይት

ልጄ፣ ባለህበት ፈጣሪ ጥላ ይሁንህ። እህትህም እኔም ደህና ነን።

የአባትህ መርዶ የደረሰኝ ዕለት ያቺን አሮጌ የስፖርት መኪናውን በሸራ ሸፈንኳት፤ ሳልነካት ቆየሁ። ላንተ የተዋት ናትና እንዳትበላሽብህ ብዬ፣ ባለፈው ሳምንት ዘይቷን ልይ ብል መለኪያው ደረቅ ሆኖ ወጣ። ዘይት ልጨምርባት ስል ጎረቤታችን መካኒኩ በአጥር በኩል አየኝ።

«እትዬ፣ ይተዉ፤ ሊገድሏት ነው እንዴ?»

«ደርቃለች እኮ።»

«አልደረቀችም። የዚች መኪና ዘይት ሞተሩ ሲጠፋ መለኪያው ከሚገባበት የዘይት ጋን ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። የሚለካው ሜዳ ላይ ቆማ፣ ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ነው። ትርፍ ከጨመሩባት ትበላሻለች።»

አስነሥቶ አሙቆ ለካልኝ፤ ዘይቱ ልክ ነበር።

አባትህ ሞተሩን ሳያጠፋ ጎንበስ ብሎ ሲለካ፣ «ነዳጅ ማቃጠል ሱስ ሆነብህ» እያልኩ ስንት ዓመት ጨቀጨቅኩት። እሱ እየሳቀ ይለካል እንጂ አንድ ቀን እንኳ «አታውቂም» ብሎኝ አያውቅም። ይቅርታ ሳልጠይቀው ሄደ።

ልጄ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ይህን ደብዳቤ አብረውህ ላሉትም አንብብላቸው፤ እናንተ የምትሰሙኝ ሁሉ፣ ፈጣሪ የባለቤቴን ነፍስ በሰላም እንዲያሳርፍልኝ ስለ እሱ ጸልዩልኝ።

እናትህ