የወለተ ኪዳን ቀኝ እጅ

ባሕር ዳር፣ የካቲት ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር፣ ለጓድ ክንዱ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እመኛለሁ። እግሮችዎ ከቢሮ ወደ ስብሰባ፣ ከስብሰባ ወደ ቢሮ ሳይደክሙ እንዲያመላልሱዎ፣ ግራ እጅዎም ለመፈክር በተነሣ ቁጥር እንዳይዝልብዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ በሐይቁ ዳር ባለው ደብር ዜማ የማስተምረው መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ነኝ። ልጄን ወለተ ኪዳንን በሚገባ ያውቋታል፤ ከስብሰባ ያባረሯት እሷን ነው።

ልጅቱ ስድስት ዓመቷ ነው። ከተወለደች ጀምሮ ግራ እጇና ግራ እግሯ አይታዘዟትም፤ አንደበቷም አልተፈታም። ጠበል አስጠመቅናት፣ ሐኪም ቤትም ወሰድናት። ሐኪሙ የእግሯ ጅማት ፈጽሞ ሳይደርቅ አዲስ አበባ ደርሳ ብትታከም ቆማ መሄድ ትችላለች አሉን። የቀረን የእርስዎ የይለፍ ወረቀት ብቻ ነበር፤ ያለ እሱ ኬላ አያሳልፍምና። በዚህ ጉዳይ ስላደረጉልን ሁሉ ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ስለ ንቃትዎ። ባለቤቴ ሸጊቱ እሑድም የፋብሪካ ተረኛ ስለሆነች ልጄን ታቅፌ ስብሰባ መጣሁ። መፈክር ሲባል ሕዝቡ ሁሉ ግራ እጁን አነሣ። ወለተ ኪዳን ዙሪያዋን አየች፣ አየችና ቀኝ እጇን አነሣች። ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይህች ልጅ ከዚያ በፊት ሰው አይታ ያደረገችው አንድም ነገር አልነበረም። እኔ በደስታ እንባዬን ስጠርግ፣ እርስዎ ከመድረክ ሆነው የደብተራ ልጅ በአብዮቱ ላይ ታላግጣለች ብለው ገሠጹን። እንዲህ ያለ ንቁ ዓይን ስለ ሰጠን እግዚአብሔርን ላመሰግን ነበር፤ እሱም በቀበሌያችን እንደማይፈቀድ ትዝ ቢለኝ ተውሁት።

፪ኛ/ ስለ ፍትሕዎ። ልጅቱ ዳግመኛ ወደ አዳራሹ እንዳትገባ አዘዙ፤ ታዘዝሁ። ልጅቱን የሚጠብቅልኝ ሰው የለምና እኔም አብሬያት ቤት ቀረሁ። ወዲያው ከስብሰባ የቀረ ሰው የይለፍ ወረቀት አያገኝም ተባልሁ። ይዣት ብመጣ ከበር እመለሳለሁ፤ ትቻት እንዳልመጣ ራሷን ከእሳት አታድን፣ ብትወድቅ አትጣራ። ዕድሜዬን ሙሉ ቅኔ ስፈታ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ይህን ግን መፍታት አቃተኝ።

፫ኛ/ ስለ ማጽናናትዎ። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ብለምንዎ፣ ሶሻሊዝም ሲገነባ እንዲህ ያሉ ልጆች አይወለዱም አሉኝ። ደስ የሚል ዜና ነው። ይህችኛዋ ግን ቸኩላ ተወልዳለች። ማለዳ ማለዳ በደኅናው እጇ ግድግዳውን ይዛ ትነሣለች፤ ትወድቃለች፤ እንደገና ትነሣለች። እሷ ሳትሰለች እኔ ማየቱ አቅቶኝ ወደ ደጅ እወጣለሁ። አንጀቴ አሯል ጓድ ክንዱ፣ በጨዋ አማርኛ የምጽፍልዎ ሌላ የማውቀው ስለሌለ ነው።

ልመናዬ ያው የፊተኛው ነው። አንዲት ልጅ ከነአባቷ ኬላ ብታልፍ አብዮቱ ይጎድልበታል ብዬ አላምንም፤ እርስዎ ካመኑ ግን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

እጄን አጣምሬ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ለሥልጣንዎ ረጅም ዕድሜን እየተመኘሁ፣ በስብሰባ ቀሪነት የታወቅሁት የቀበሌዎ ነዋሪ

መሪጌታ መርስዔ ኀዘን

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከመለጠፌ በፊት ልጄን ለሐኪሙ መልሼ አሳየኋት። ጅማቷ ስለ ደረቀ ከእንግዲህ አዲስ አበባ መሄዱ አይጠቅማትም ብለውኛል። ስለዚህ የይለፍ ወረቀቱን ለሌላ ልጅ ይስጡልኝ። በዚሁ በእኛ መንደር እንደ እሷ ያሉ ሦስት ልጆች አሉ። እርስዎ አይተዋቸው አያውቁም፤ ወላጆቻቸው ቤት ቆልፈውባቸው ስለሚመጡ ከስብሰባ ቀርተው አያውቁም።