የተሳለው በሬ

ለእቴቴ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላህ። እንዴት ከርመሻል? ወገብሽን እንደሚያምሽ የኔአለም ነግራናለች፤ አንቺ ግን በደወልሽ ቁጥር ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ እያልሽ ትሸኚናለሽ። እመቤትሽ አሁንም ምንጣፉን ብቻሽን ታሸክምሻለች? ሙቀቱስ እንዴት አረገሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እማ ጉልበቷን ያዝ ከሚያደርጋት በቀር ደህና ናት። ፈርሂያ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ የሰፈር አሮጊት መስላለች። መካነ ሰላም ብርዱ ገብቷል፣ ገብሱም እየታጨደ ነው።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንዳትይኝ። ስልኩ ሲጠራ እማ ድምፁን ከፍ አድርጉት ትላለች፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሙሐሲንም ካለ ከፊት ይቀመጣል። በዚያ መሀል ምን ይወራል? የኔአለም እረፍቷን ጨርሳ ወደ ጂዳ ስትመለስ በእጇ እንድታደርስልሽ ብዬ ነው የጻፍኩት። ምን እንዳለበት አልነገርኳትም። አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው።

እቴቴ፣ በእረፍት ቀንሽ ስመኝን ፍለጋ መንከራተትሽን ተዪ። አዲስ የመጡ የወሎ ልጆች ባረፉበት ሁሉ ፎቶዋን ይዘሽ እንደምትዞሪ የኔአለም ነገረችኝ። እህታችን እዚያ የለችም። የት እንዳለች በትክክል አላውቅም፤ እዚያ እንደሌለች ግን አውቃለሁ። እንዴት እንዳወቅሁ ነው የምነግርሽ፤ አፌ እንደማያርፍ ታውቂያለሽና በትዕግስት ስሚኝ።

ሙሐሲን የተናገረውን የማያውቅ የለም። ሚስቱ ስመኝ በጠዋት ገበያ ብላ ወጥታ እንዳልተመለሰች፣ ደላላ አታሎ በበረሃው መንገድ ወደ አረብ አገር እንደወሰዳት። የስንቱ ቤት ልጅ እንዲያ ሆኖ ስለጠፋ ማንም አልተጠራጠረም። እኔም በመጀመሪያው ሰሞን አመንኩት። ስመኝ ልጇን ፈርሂያን ጥላ የትም እንደማትሄድ ልቤ እያወቀ፣ ከሌላው ይልቅ ይሄኛው ይሻላል ብዬ አመንኩ። ደላላ የወሰደው ሰው አንድ ቀን ይደውላል እኮ።

ከዚያ የዱዓው ቀን መጣ። ቪዲዮውን አይተሽ አልቅሰሻል፣ ለጓደኞችሽም ሁሉ ልከሻል፤ እዚያ ላይ የሚታየው ግን የሱ ፊት ብቻ ነው። ከጁምዓ በኋላ ሜዳው ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ እስላሙም ክርስቲያኑም መጥቷል። እኛ ሴቶቹ ከኋላ ነን። ሸህ አሕመድኑር ዱዓ ካደረጉ በኋላ ሙሐሲን ተነሳ። ስመኝዬ፣ የቤቴ ምሰሶ፣ አለ። የወሰዳችኋት ሰዎች ስለ አላህ ብላችሁ መልሱልኝ፣ ልጇ እናቴን እያለች እህል አልበላ አለችኝ፣ አለ። ወንዱ ሁሉ በጋቢው ፊቱን ሸፈነ። እኔም ተንሰቀሰቅሁ፤ ምን ልዋሽሽ።

ቀጥሎ ስለት ተባለ። እማ ቀደመች። እንደምታውቂያት ድምፅዋ አይሰማም፤ ልጄ ከተመለሰች ያቺን ግልገሌን አርጄ ሚስኪን አበላለሁ አለች። አንዲት ግልገል። አንዳንዶቹ ሴቶች ለልጅሽ ይሄው ነው ወይ በሚል ዓይን አዩዋት፤ እኔም ትንሽ አፈርኩ። ሙሐሲን ግን ሁለት እጁን ዘርግቶ ሁለቱንም በሬዎቼን አለ። ስመኝ በደህና ከተገኘች ሁለቱንም አርጄ አገር አበላለሁ አለ። ሰዉ አሚን ያለው ከልቡ ነበር።

ሙሐሲን እኮ ነው፣ እቴቴ። ለአባባ ሶደቃ ፍየል አመጣለሁ ብሎ፣ አርግዛለች መሰለኝ ብሎ ከመንገድ የመለሳት ሙሐሲን። በሬው ካሳለው እሱ ምግብ አይወርድለትም፤ ስመኝ እኔ ብታመም እንዲህ አይጨነቅም ብላ እየሳቀች ነግራኝ ታውቃለች። ሌላ የሚያርስበት የለውም። ሁለቱን አርዶ መሬቱን በምን ሊያርሰው ነው ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ደግሞ ሰው ሲጨንቀው የማይሰጠው የለም ብዬ ራሴን ገሠጽኩ።

ቤት እንደገባን እማ ግልገሏን ከሌሎቹ ለየቻት። ጨው ታልሳታለች፣ ዝናብ ሲመጣ እሷን ለማስገባት ትሮጣለች። አንድ ነጋዴ ልግዛት ቢላት የስለት ናት ብላ ተቆጣች። ለአላህ የተባለ ከብት እንደማይሸጥ፣ እንደማይለወጥ አንቺም ታውቂያለሽ። ያኔ ነገሩ ገባኝ። እማ ልጇ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ልትገባ ትችላለች ብላ ነው የምታስበው፤ ስለዚህ ያላትን አየች፣ የምትከፍለውን ተሳለች። ትንሽ የሆነው ለዚያ ነው።

ሰንበትበት ብሎ ከብት ነጋዴው አስናቀው እኛ ቤት ጎራ አለ። ሙሐሲንን ወረኢሉ ገበያ እንዳገኘው፣ ከሁለቱ ዳልቻውን በሬ ሸጦ ሲመለስ እንደነበር እንደ ዋዛ አወራልን። ምስኪን፣ ለፍለጋው ስንቅ ብሎ ነው አለን፣ አዝኖለት። እማም አላህ ይካሰው አለች። እኔ ገብስ እያበጠርኩ ነበር፤ ማበጠሬንም አልተውኩም። ግን ያን ጊዜ አወቅሁ።

ሚስቱን የሚጠብቅ ሰው የተሳለውን በሬ ወረኢሉ ድረስ ነድቶ አይሸጥም። ነገ ብትመጣስ? ለአላህ ምን ሊል ነው፣ አሚን ላለለት አገርስ ምን ሊል ነው? እንደማትመጣ ካላወቀ በቀር እንዲህ አያደርግም። ሁለቱንም በሬዎቼን ሲል ምላሱን ያልከበደውም ለዚያ ነው። ስስታም ሰው ሒሳቡን ያውቃል፣ እቴቴ፤ እንደማይጠየቅበት አውቆ ነው የለገሰው።

ከዚያ ወዲህ ያልታየኝ ሁሉ ይታየኝ ጀመር። አንዲት ሴት ከአቀስታ ደውላ ስመኝን የምትመስል ሰው ገበያ ላይ አየሁ ያለች ጊዜ፣ እማ ጫማዋን ሳታደርግ ደጅ ወጥታ ነበር። እሱ ምሳውን ጨረሰ፣ እጁን ታጠበ፣ ከዚያ እንሂድ አለ። ሄድን፤ ስመኝ አይደለችም፣ የሰው አገር ሰው ናት። እማ መንገዱን ሁሉ ስታለቅስ እሱ ከሾፌሩ ጋር ስለ ገብስ ዋጋ ያወራ ነበር።

ለማን ልንገር? ሸህ አሕመድኑር ዘንድ ሄድኩ። ልጄ፣ ሰው በሬውን ስለሸጠ ነፍሰ ገዳይ አይባልም፣ አላህ ዘንድ ወንጀል ትገቢያለሽ አሉኝ፤ ተቆጥተው አይደለም፣ ለኔ አዝነው ነው። ፖሊስ ጣቢያም ሄድኩ። የተቀበለኝ ልጅ ጨዋ ነው፣ ወንበር ሰጠኝ። ሬሳ ተገኝቷል ወይ አለኝ፣ የለም አልኩ። ያየ ሰው አለ ወይ አለኝ፣ የለም አልኩ። ታዲያ ማስረጃሽ በሬው ነው ወይ አለኝ። አልሳቀብኝም፤ ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። ከእነሙሐሲን ቤት በታች ያለውን ገደል ታውቂዋለሽ። ውረዱና እዩልኝ ብዬ ለመንኩት፣ ትእዛዝ ያስፈልጋል አለኝ።

ለእማ አልነገርኳትም። አንድ ጊዜ ጀምሬ ነበር፤ ገና ሙሐሲን ብዬ ሳልጨርስ እጇን አፌ ላይ አደረገች። አምና ስመኝ ፊቷ አብጦ ቤት የመጣች ጊዜ ለአንቺ በስልክ ወድቃ ነው ብለን ነበር። አልወደቀችም። ሽማግሌ ልኮ ታረቀ፣ አልመለስም ብላ ስታለቅስ እጇን ይዛ እስከ በሩ ያደረሰቻት እማ ናት። የኔን ነገር ካመነች ያንን መንገድ በየቀኑ ልትሄደው ነው።  ግልገሏ አሁን በግ ሆናለች።

ፈርሂያ ደግሞ እሱ ቤት ነበረች። አንድ ቀን ፀጉሯን እየሠራሁላት፣ አባቴ ሰው ሲመጣ አልቅሺ ይለኛል አለችኝ። ሹሩባዋን ጎንጉኜ ጨረስኩላት። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። ልጅቷ የእናቷን ዘር ትፈልጋለች፣ ስመኝ እስክትመጣ አክስቷ ቤቴ ገብታ ትያዝልኝ አለ። አይሆንም ካላችሁ ኩታበር ያለው ወንድሜ ይወስዳታል አለ። እማ ሽማግሌዎቹ ሳይጨርሱ እሺ አለች። እኔ እምቢ ልል ነበር፤ ፈርሂያ ግን ጣቱን ይዛ ቆማ ታየኛለች። እሺ አልኩ። ይሄን የምጽፍልሽም ከነሱ ቤት ሆኜ ነው፤ እሱ ገበያ ወርዷል።

ክፉ አልተናገረኝም። እህቴ ብሎ ነው የሚጠራኝ። ምግብ አቀርብለታለሁ፣ ቢስሚላህ ብሎ ይበላል፣ አላህ ይስጥሽ ይለኛል። ፈርሂያን ከዓይኔ አላርቃትም፤ ውኃ ስቀዳም አብራኝ ናት። እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም። ወስጃት ብጠፋ የት እደርሳለሁ? ልጁ ናት፤ ሕጉም አገሩም ከሱ ጋር ነው።

በቅርቡ ሰዉ የስመኝ ቤተሰብ ለምን አይናገርም እያለ ማጉረምረም ጀምሮ ነበር። ሙሐሲን ሰምቷል። በሚቀጥለው ዱዓ አብረሽኝ ትቆሚያለሽ አለኝ፣ በለሰለሰ አንደበት። ወዲያው ደግሞ፣ ካልሆነም ምንም አይደል፣ ፈርሂያን ኩታበር ብልካት ሳይሻል አይቀርም አለኝ።

ቆምኩ፣ እቴቴ። ልጅቷን መሀላችን አድርገን፣ ስልኩ ሁሉ ወደኛ ዞሮ፣ እህቴን መልሱልን አልኩ። ያያችኋት ካላችሁ ስለ አላህ ድምፅዋን እንኳን አሰሙን አልኩ። ቃሉ ያለችግር ከአፌ ይወጣል። ሸህ አሕመድኑር በእጃቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ያ ጨዋው ፖሊስም ቆሞ ነበር፣ አንገቱን ደፍቶ አሚን አለ። ሲያልቅ ሙሐሲን ትከሻዬን ይዞ ጥሩ ተናገርሽ አለኝ።

ቪዲዮው ይህ ወረቀት ሳይደርስሽ ይደርስሻል። እኔ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የሱን ፊትና የኔን ፊት አስተያየሁ፤ የሚለያየንን ነገር ፈልጌ አጣሁ። እሱም እንደማትመጣ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ሁለታችንም አልቅሰን ትምጣልን እንላለን። የስመኝን መጨረሻ የምትናገረውን ያቺን አንዲት ቃል ለማንም ብያት አላውቅም፤ አሁንም ልጽፋት እጄ እምቢ አለኝ።

አንቺ አሳድገሽኛል። ትንሽ ሆኜ ስዋሽ ገና ሳልጨርስ ታውቂብኝ ነበር። እስቲ ቪዲዮውን ደህና አድርገሽ እዪኝ። ለጓደኞችሽ ግን አትላኪው፤ ፎቶዋንም አንቺ ጋ አስቀምጪው።

አላህ ከክፉ ሰው ይጠብቅሽ። የለፋሽበትን ለራስሽ ያድርግልሽ፣ በሰላም ለአገርሽ ያብቃሽ። እማ እህትማማቾቹን አንድ ላይ ያገናኝልኝ እያለች ዱዓ ታደርጋለች፤ እኔም አጠገቧ ሆኜ አሚን እላለሁ።

አንድ የቀረሁልሽ እህትሽ